ሮንዳ ያሸነፈችው ሽልማት

እህቴ ሮንዳ በሕይወቷ አንድም ነገር አሸንፋ አታውቅም። አጋነንክ እንዳትሉኝ፤ እዚሁ ኦሃዮ፣ አንድ ቤት ውስጥ አብሬያት ያደግሁ ነኝ። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በየወሩ ለሚወጣው የአሳማ ጭን ዕጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቲኬት ስትቆርጥ ኖራለች፤ ጭኑ ግን ሁልጊዜ የሚደርሰው ከጎኗ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ለክፍል አለቃነት ተወዳድራ፣ በምርጫው ሳምንት ከተማውን ለቅቃ በሄደች ልጅ ተሸንፋለች። ባሏ ዴል እንኳ ከሌላ ሴት ጋር ወደ ፍሎሪዳ ሲነጉድ ደህናውን መኪና ይዞ፣ አልነሳም የሚለውን ትቶላት ነው የሄደው። እሷም ሕፃኗን ብሪንን ታቅፋ ወላጆቻችን ቤት ገባች፤ ምድር ቤቱን ፀጉር ቤት አደረገችውና የከተማችንን ሴቶች ፀጉር በቢጎዲን መጠቅለል ጀመረች። እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

እኔ ግሌን እባላለሁ፤ ታላቅ ወንድሟ ነኝ። የምኖረው ከመንገዱ ማዶ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዋናው መንገድ ላይ ባለው የቤት ዕቃ መደብር ሶፋና ፍራሽ ስሸጥ ነው። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፦ በዘጠኝ መቶ ዶላር የሚሸጠውን ሶፋ ሺህ ስምንት መቶ ብለን እንጽፍበታለን፤ ከዚያ በቀይ እንሰርዝና «ግማሽ ዋጋ! እስከ እሑድ ብቻ!» እንላለን። ሰው ሶፋው ይመቸው አይመቸው ቁጭ ብሎ እንኳ አይሞክረውም። «ዘጠኝ መቶ ዶላር አተረፍን!» እያለ ሚስቱን ይጠራል። በልቤ እየሳቅሁ ደረሰኝ እቆርጥለታለሁ። ቅናሹ በሚቀጥለው እሑድም አያልቅም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ ብሪን ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ስትል፣ ሮንዳ በቤት ጫማዋ መንገዱን አቋርጣ መጥታ በሬን ትደበድብ ጀመር።

«ግሌን! አንተ ግሌን! ናማ ውጣ!»

«ምንድን ነው? ቤቱ ተቃጠለ?»

«ብሪን አሸነፈች! ዌንዶቨር ኮሌጅ የመሥራቾች ሽልማት ሰጣት! በዓመት ሠላሳ ሺህ ዶላር፣ ለአራት ዓመት!»

ሄጄ አየሁ። ኮሌጁ ከላከው ትልቅ ፖስታ ውስጥ ወርቅማ ብጥስጣሽ ወረቀት ፈስሶ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። የሠርግ አዳራሽ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ሁሉ ግን እህቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ የያዘችው ሣር ላይ የሚተከለውን ሰሌዳ ነው። «የዌንዶቨር የመሥራቾች ሽልማት አሸናፊ እዚህ ቤት ይኖራል» ይላል። አሸናፊዋ ብሪን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ከቁርሷ ወተት ውስጥ ብጥስጣሹን በማንኪያ ትለቅማለች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «ዋጋው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሺህ ሰጧት እያልኩህ!» አለች ሮንዳ።

«እሱን ሰማሁ። የኮሌጁ ዋጋ ስንት ነው?»

«ከነምግቡ ከነመኝታው ሃምሳ ስምንት ሺህ። ግን ማን ይከፍለዋል እሱን? ሠላሳውን ሰጥተውን?»

«ታዲያ በዓመት ሃያ ስምንት ሺህ ልትከፍይ ነዋ።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ የጎደለችዋን ነው የምታየው። በሰው ደስታ ላይ ውኃ ካልቸለስክ አይሆንልህም?»

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፍስ? በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። በዓመት ሰባት ሺህ፣ ማታ ማታ እዚህ እያደረች።»

«እነሱ ምን ሰጧት?» አለች እህቴ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። «ሰባራ ሳንቲም! እንኳን ሽልማት፣ አንዲት ፖስታ አልላኩም!»

ይኸውላችሁ የእህቴ ሂሳብ። ሠላሳ ሺህ የሰጠ ምንም ካልሰጠ ይበልጣል፤ በቃ። ሃያ ስምንት ከሰባት ይበልጣል የሚለው ወሬ እሷ ቤት አይሠራም። በእሷ ላይ ብቻ ግን አልፈርድም፤ የከተማችን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። በዚያ ሰሞን መኪናዬን ይዤ ብዞር በየደጁ ሰሌዳ ተተክሎ አያለሁ፤ አንዱ የዚህ ኮሌጅ ተሸላሚ፣ ሌላው የዚያ። ከተማው በአንድ ሌሊት በሊቃውንት ተሞላ እንዴ ያሰኛል።

ብሪን ልትማር የፈለገችው ፍልስፍና ነው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ አይስክሬም ቤት ትሠራለች፤ ሰው በሌለ ጊዜ ባንኮኒው ሥር መጽሐፍ ዘርግታ ታነባለች። እኔ በፍልስፍናው ሳፌዝባት አትቆጣም።

«ፍልስፍና ጨርሰሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ፈላስፋ።»

«ለማን ልትሸጪው?»

«ላንተ፣ አጎቴ። ቅናሽ አደርግልሃለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እናቷ አልሳቀችም። ሰሌዳውን ሣሩ ላይ ተክላ፣ እንዳይዘም ግራና ቀኙን በድንጋይ አስደግፋ፣ ደንበኞቿ ሁሉ እንዲያዩት የምድር ቤቱ መግቢያ አጠገብ ካቆመችው ሰንብታለች።

ሰሌዳው በቆመ በሳምንቱ ግን መንገዱ ጥግ ላይ ባለው የፔጊ ቤት ደጅ ያው ሰሌዳ ተተከለ። ፔጊ የእህቴ የዘወትር ደንበኛ ናት፤ የልጇን የትሬንትን ጉብዝና በተመለከተ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር የአባቱን መኪና በኋላ ማርሽ ነድቶ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ መግጨቱን ነው። እሱም የመሥራቾች ሽልማት አሸናፊ ነው!

«አየሽ?» አልኳት ሮንዳን። «ትሬንት! በትሬንት የተደሰቱ መሥራቾች ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ?»

«የእሱ ሌላ ዓይነት ይሆናል» አለችና ፊቷን አዞረች።

በሚያዝያ ኮሌጁ የተሸላሚዎች ቀን ብሎ ጠራን። ሦስታችንም በእኔ መኪና ሄድን። ሮንዳ ለአክስታችን ቀብር የገዛችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ መንገዱን ሙሉ በመስተዋቱ ፀጉሯን ታያለች። ኮሌጁ ያምራል፤ መቼም የሚያምር ነገር ያምራል ነው የሚባለው። ሐረግ የወጣበት የድንጋይ ሕንፃ፣ የደወል ማማ፣ የተስተካከለ ሣር። እኛም መደብር ጥሩውን ሶፋ መስኮቱ ጋ ነው የምናስቀምጠው።

አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። የቢራቢሮ ክራባት ያሰረ ሰውዬ መድረክ ላይ ወጣና ስለ ነፃ አእምሮ ብዙ ተናገረ፤ ስለ ብድር ግን ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ልቡ ላይ ጭኖ፣

«አሁን የመሥራቾች ሽልማት አሸናፊዎች፣ እናንተም ያሳደጋችኋቸው ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ተነሡልኝ» አለ።

ሮንዳ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። አንድ እጇ የብሪንን ክንድ ጨብጧል፤ በሌላው አፏን ይዛለች፤ እንባዋ ይወርዳል። እኔ ቁጭ እንዳልኩ አዳራሹን ቃኘሁ። ሁሉም ቆሟል! ከፊት ያለው፣ ከኋላ ያለው፣ ትሬንትም ፔጊም ባሏም። የተቀመጥን እኔና አንድ አንቀላፍቶ የነበረ ሽማግሌ ብቻ ነን። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት ቅናሽ አይቻለሁ፤ ገዢውን አስነሥቶ የሚያስለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣላቸው ነበር።

እህቴ ዞር አለች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ኋላዋን አየች። ከዚያ ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀመረች። አልገባትም አልኩ በልቤ፤ ደሜ ፈላ።

ከአዳራሹ በኋላ ግቢውን የሚያዞረን ቶቢያስ የሚባል ወጣት ሰጡን። ቀጭን፣ ትሁት፣ የኮሌጁን ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከዚያው በፍልስፍና ተመርቆ እዚያው የተማሪ መቀበያ ቢሮ ተቀጥሯል። ብሪን ከጎኑ እየሄደች ጠየቀችው፤ እኔና እናቷ ሁለት እርምጃ ኋላ ነን።

«ከተመረቁት ከመቶ ዘጠና አራቱ ሥራ ይዘዋል ብላችሁ ጽፋችኋል። ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«ይሄን ዓይነት» አለ ልጁ፣ በጣቱ ሸሚዙን እያሳየ። «እኔም ከዘጠና አራቱ አንዱ ነኝ።»

«ስንት ይከፍሉሃል? ካስቸገርኩህ ተወው።»

ልጁ ዘወር ብሎ ማንም እንደማይሰማው አየ። «ሠላሳ ስድስት ሺህ። ጥሩ ነው፤ ከክፍሌ ልጆች ደህና ተከፋይ ነኝ። የቤት ኪራይ ከአራት ልጆች ጋር እንጋራለን።»

«ዕዳህስ?»

«በእኔ ስም ሃያ ሰባት ሺህ ነው፤ እሱ ይቻላል። የተረፈው በአባቴ ስም ነው። አባቴ አምና ጡረታ ሊወጣ ነበር። የትምህርቱን ነገር ከጠየቅሽኝ ግን አልዋሽሽም፣ ግሩም ነበር። አንዳንዴ አባቴን ደውዬ ያነበብኩትን ልነግረው እፈልጋለሁ። ግን የሌሊት ፈረቃ ስለጨመረ ቀን ይተኛል።»

ይህን ሲል ሮንዳ አንገቷን አቅንታ የደወሉን ማማ እያደነቀች ነበር። ማማው የሚደነቅ ነገር አልነበረውም።

ስንመለስ እኔ አፌን መግታት አልቻልኩም። በአራት ዓመት ከሚከፈለው መቶ አሥራ ሁለት ሺህ፣ ለብሪን እንደ ቶቢያስ የሚፈቀደው ብድር ሃያ ሰባት ሺህ ነው፤ የተረፈው ሰማንያ አምስት ሺህ በእናቷ ስም ነው። ሮንዳ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆማ ውላ የምታገኘው ቶቢያስ የሚያገኘውን አያህልም።

«በወር ከስድስት መቶ ዶላር በላይ ነው» አልኳት። «በየወሩ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ስድስት ሴቶች ፀጉር የምትቆርጪው ለዌንዶቨር ኮሌጅ ነው ማለት ነው። ተከፍሎ ሲያልቅ ሰማንያ ሦስት ዓመትሽ ይሆናል። መቀሱን ማን ሊይዝልሽ ነው?»

«ዝም ብለህ ንዳ፣ ግሌን።»

«ትሬንትን ተሸለመ ብለው ያስነሡ ሰዎች እኮ...»

«ንዳ አልኩህ!»

ብሪን ከኋላ ወንበር የእናቷን እጅ ታያለች። ሮንዳ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቿ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ታደርጋለች፤ መቀስና ማድረቂያ ሲይዝ የኖረ እጇ ማታ ማታ እየደነዘዘ እንቅልፍ ይነሳታል። ለቀሚሱ ብላ በዚያ ቀን ማሰሪያውን አውልቃው ነበር። እስከ ቤት ድረስ ጣቶቿን ስታፍታታ ነበር።

እኛ ዘንድ የኮሌጅ ምርጫ የሚያበቃው በግንቦት መባቻ ነው። በዚያ ቀን ተመራቂዎቹ ሁሉ የሚሄዱበትን ኮሌጅ ሸሚዝ ለብሰው ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ፤ እናቶች ደግሞ ማን የት እንደገባ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ከዚያ ፎቶ ነው። ሮንዳ የዌንዶቨርን ሸሚዝ ገዝታ፣ ተኩሳ፣ በር ላይ ሰቅላዋለች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ብሪን ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ እማማ ብድሩን ልትፈርም ነው። ና እስቲ።»

ስደርስ እህቴ ወጥ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ፔጊ ምድር ቤት ውስጥ ፀጉሯ ላይ ቀለም ተቀብታ እስኪይዝላት ትጠብቃለች፤ የራዲዮኗ ድምፅ ይሰማል። ሮንዳ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ልታፌዝ ከመጣህ በሩ ያው» አለች።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች ብሪን። «እማ፣ አትፈርሚ። ቅርንጫፉ ልገባ ነው።»

«ይሄ ነው እንዲህ ያስባለሽ? ይሄ ፍራሽ ሻጭ?»

«አጎቴ በሁሉም ነገር ነው የሚያፌዘው፤ እሱን ማን ይሰማዋል? እኔው ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ፍልስፍናውን አልተውኩም። ቅርንጫፉም ያስተምረዋል። ፈላስፎቹ እንደሆኑ ድሮ ሞተዋል፣ እዚያም ሞተዋል እዚህም ሞተዋል።» ልጅቷ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «ስጨርስ ሠላሳ ስድስት ሺህ ነው የማገኘው እንበል። ይሁን፣ በእሱ እኖራለሁ፤ አልፈራም። ግን አንቺ በዚህ እጅሽ እስከ ሰማንያ ዓመትሽ ፀጉር እየጠቀለልሽልኝ እኔ መጽሐፍ ላነብ? አልችልም እማ። አንድ ገጽ አልዘልቅም።»

«እጄን ምን አድርጊ አልኩሽ? ስለ እጄ ማን ጠየቀሽ? አሸንፈሻል እኮ! ያሸነፍሽውን ነገር ትጥያለሽ?»

«ሁሉም ነው ያሸነፈው። አዳራሹን አይተሽዋል።»

ሮንዳ ኮምፒውተሩን ገፋችው።

«አይቻለሁ» አለች። «ዕውር መሰልኩሽ? ወይስ እንደዚህ ወንድሜ፣ ደንቆሮ ናት ብለሽ ነው? ዞር ብዬ ሁሉንም አይቻለሁ። ፔጊን አይቻለሁ። ያን ሞኝ ልጇን አይቻለሁ። ታዲያስ? እኔን በሕይወቴ ‹ተነሺ፣ አንቺ ነሽ› ብሎኝ የሚያውቅ የለም። አባታችን ብሎኝ አያውቅም። ባሌ ብሎኝ አያውቅም። ከሦስት መቶ ሰው ጋርም ቢሆን፣ ለውሸትም ቢሆን፣ ተነሺ አሉኝ፤ ተነሣሁ። ደስ አለኝ። ሰማንያ አምስት ሺህ እንደሚያስከፍል አውቄ ነው ደስ ያለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው!»

ያን ቀን ይዤ የመጣሁት ቀልድ ነበረኝ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። አልተናገርኩትም። በዚህች ሴት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስስቅ አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አንጀቴን በልታ አታውቅም። ብሪን ሄዳ እናቷን ከኋላዋ አቀፈቻት፤ አገጯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ሮንዳ ማልቀሷን ስትጨርስ አፍንጫዋን በፎጣ ጠረገችና፣

«ቅርንጫፉን አምጪው እስቲ» አለች።

ብሪን የቅርንጫፉን ገጽ ከፈተች። ከአይስክሬም ቤት ባጠራቀመችው መመዝገቢያውን ከፈለች። ስክሪኑ ላይ «ክፍያዎ ደርሷል» የሚል ወጣ።

ሮንዳ ጠበቀች። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ እንኳ የለም?»

«የለም እማ።»

«የሰው ፍጥረት አይደሉም» አለች እህቴ፤ ፊቷን ታጠበች፣ የእጅ ማሰሪያዋን አጠበቀች፣ ፔጊን ልታጥብ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ለእኔ ደግሞ ቡና እዚያው ታች ስለሚገኝ ተከትያት ወረድኩ።

የመጨረሻውን ደረጃ ሳትጨርስ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ሰማሽ ፔጊ? ብሪን የመሥራቾችን ሽልማት አልፈልግም አለች! ሠላሳ ሺህ ዶላር በዓመት፣ እንካችሁ ብላ መለሰችላቸው!»

እንግዲህ ይህች ናት እህቴ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የምትኮራበት አገኘች። ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ ፈገግ አልኩ። ፔጊ ግን ለወትሮው ጉራ በጉራ ስትመልስ የምትኖረው ሴት፣ ፀጉሯ ቀለም በቀለም ሆኖ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ራዲዮኑን ዘጋችው።

«እምቢ ማለት ይቻል ነበር እንዴ?» አለች።

እሷና ባሏ የትሬንትን ብድር ማክሰኞ ዕለት ፈርመዋል፤ ሮንዳም እኔም እናውቃለን። እህቴ ቧንቧውን ከፈተች፣ የውኃውን ሙቀት በእጇ ለካችና፣

«በይ ራስሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ ውዴ» አለቻት።